ሻንጣው ከቁም ሣጥን ላይ አልወርድ ሲል

የመንገድ ጥያቄና መልስ። የአንባቢዎችን ደብዳቤ የሚመልሱት የሥራ ዘመናቸውን በደሴ መናኸሪያ በትኬት ቆራጭነት ያሳለፉት ዓምደኛችን ናቸው።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድሮ መንገድ ወዳድ ነበርሁ። ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየዓመቱ መስከረም ግሸን እንወጣ ነበር። ጥምቀትን ጎንደር፣ ገናን ላሊበላ አክብረን እናውቃለን። ሻንጣ ለማዘጋጀት አንድ ምሽት እንኳ አይፈጅብኝም ነበር።

መጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። በጥቅምት 2014 እናቴን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸሁ። ከተመለስን በኋላ እናቴ ታመመች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ከአልጋዋ አጠገብ አልተለየሁም። የዓመት ተዝካሯን ካወጣን ቆይተናል። ከጓደኞቼ አንዷ አዲስ አበባ ገብታለች፤ አንዷ አግብታ ወልዲያ ናት፤ ሦስተኛዋ እዚሁ አለች፤ ግን እሷም እንደ እኔ ተቀምጣለች።

አሁን የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ ገንዘብም አላጣሁም። እሄዳለሁ ብዬ ቀን እቆርጣለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ሰበብ አላጣም። ባለፈው ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድሁት፤ አቧራውን ጠረግሁ፤ ከፈትሁት፤ መልሼ ሰቀልሁት። የሰው የጉዞ ፎቶ በስልኬ ሳይ ደስ ከማለት ይልቅ ይደክመኛል። የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ሐይቅ ከተማ አሉ፤ ለለቅሶው በዚያ ዕድሜያቸው መጥተው ከእኛ ጋር አድረው አጽናንተውን ሄዱ። እሳቸውን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ሰንፌ ነው? አርጅቼ ነው? ያ ፍላጎት እንዴት ይመለሳል?

ዘ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦

እህቴ ዘ.፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። በአርባ አራት ዓመቱ «አርጅቼ ነው?» የሚል ሰው በእኔ መስኮት ፊት ቢቆም ኖሮ ከሰልፉ አውጥቼ ከኋላ አቆመው ነበር። አላረጀሽም። ሰነፍም አይደለሽም፤ እናቷን እስከ መጨረሻ ያስታመመች ሴት ሰነፍ አትባልም።

ከማውቀው ልጀምር። ከዚያች ትንሽ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ስኖር የተማርሁት ነገር ቢኖር ትኬት የሚመልስና የማይመልስ ሰው አስቀድሞ እንደሚታወቅ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶት፣ ረዳቶቹ «ወልዲያ! ወልዲያ!» እያሉ ሲጮኹ፣ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ይሰለፋል። ለቅሶ የሚሄድ ትኬት አይመልስም። የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ አይመልስም። ስለት ያለበት፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ፣ ዕዳ የሚሰበስብ፣ እነዚህ ሁሉ ዝናብ ቢዘንብ፣ ወንበር ቢጠፋ፣ በትርፍ ተጭነውም ቢሆን ይሄዳሉ። «እስቲ ትንሽ ልናፈስ» ብሎ ለብቻው የቆረጠው ግን፣ በተለይ ከመንገድ ርቆ የቆየ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ በማለዳ መስኮቴን ያንኳኳል። «ሆዴን ቆረጠኝ» ይላል። «ድንገት እንግዳ መጣብኝ» ይላል። ሆዱን የቆረጠው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ደኅና አድርጌ አውቃለሁ፤ የእነዚያ ፊት እንደዚያ አልነበረም። እኔም ምንም ሳልል የሚመለስለትን ቆጥሬ እሰጥ ነበር።

የማይመልሱት ከሚመልሱት ይልቅ ጉዞ የሚወዱ ሆነው አይደለም። አብዛኞቹ መንገድ ይጠላሉ፤ ሲያዛጉና ሲያማርሩ ነው የሚሳፈሩት። ግን የሚጠብቃቸው ሰው አለ። የእኛ አገር ሰው ድሮም ቢሆን እንዲሁ ለመዝናናት ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር፤ ለንግሥ፣ ለገበያ፣ ለጥየቃ፣ ለሠርግ ይወጣል፤ መዝናናቱ በመንገድ ላይ ይደርስበታል። አንቺም ራስሽ ግሸንን የወጣሽው በዓል ስለሆነ ነው፤ ላሊበላም የሄድሽው ለገና ነው። አሁን ግን «ፈቃድ አለኝ፣ ገንዘብ አለኝ፣ ስለዚህ መሄድ አለብኝ» እያልሽ ነው። ይህ እኮ ጉዳይ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጉዞ ደግሞ ማለዳ ሲነጋ ለመሰረዝ በጣም ቀላል ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። ያን ሻንጣ ለመጨረሻ ጊዜ ያሰርሽው ለላሊበላ አልነበረም፤ በጥቅምት 2014 ነው። ያን ሰሞን ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደነበሩ ለአንቺ አልነግርሽም። ትኬት የሚቆርጥም የሚጠይቅም አልነበረም፤ ሰው በአይሱዙ ላይ ከፍራሽና ከድስት ጋር ተጭኖ፣ መኪና ያጣው በእግሩ፣ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወደ ሸዋ ወረደ። ሽማግሌ በጀርባ የታዘለበት መንገድ ነው። ከተሞቹ ኅዳር 27 ተመለሱ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ገባ። ነገር ግን አንቺ ከዚያ ወዲህ ሻንጣ አልያዝሽም። ስትከፍችው ምን እንደመጣብሽ አልጻፍሽልኝም፤ እኔ ግን የዚያ ሌሊት ልብስ አጣጣል፣ የእናትሽ መድኃኒት የት እንደተወሸቀ፣ የቤቱ ቁልፍ ለማን እንደተሰጠ ይመስለኛል። እጅሽ መልሶ ቢሰቅለው አይገርመኝም። ይህን ስንፍና ብለሽ ስትጠሪው ራስሽን ትበድያለሽ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጉዞ ያን ሻንጣ አትንኪው፤ ባለበት ይቀመጥ። ከፈለግሽ ለዘመድ ስጪውና ሌላ ትገዣለሽ፤ ይህ አይቸኩልም። ወደ ደቡብም አትሂጂ። የደብረ ብርሃኑን መንገድ ሌላ ጊዜ ታገኚዋለሽ።

የምትሄጂበት ጉዳይ እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ ተቀምጧል። የእናትሽ የማኅበር ጓደኛ ሐይቅ አሉ። ለለቅሶ የደረሱልሽን ሰው መጠየቅ በወሎ ምን ያህል እንደሚታይ እኔ ለአንቺ አላስተምርም። ዛሬ ማታ ደውይላቸውና ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ «አንድ ቀን ብቅ እላለሁ» አትበያቸው። «ቅዳሜ እመጣለሁ» ካልሻቸው ቡናቸውን አዘጋጅተው በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ፤ አንቺ ደግሞ እኚያን ሴት ደውለሽ «ሆዴን ቆረጠኝ» ለማለት አንደበት አይኖርሽም። የምትይዥው ዘንቢል ነው። ስኳር፣ ቡና፣ የሻይ ቅጠል፣ ከገበያ ያገኘሽውን ፍራፍሬ ትጨምሪበታለሽ። በእናትሽ ማኅበር ጽዋ የጠጡ ሴት ናቸውና ስለ እናትሽ አንቺ የማታውቂውን ያውቃሉ፤ ጠይቂያቸው።

መንገዱ ይህን ይመስላል። ከኮምቦልቻ በማለዳ ሚኒባስ ትይዣለሽ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ስትወጪ ጆሮሽ ድፍን ይላል፤ ኮምቦልቻና ደሴ የሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ጎረቤታሞች ሲሆኑ በከፍታ ግን 600 ሜትር ገደማ ይበላለጣሉ። ምራቅሽን ዋጥ ማድረግ ወይም ማስቲካ ማኘክ ጆሮሽን ይከፍትልሻል። ነጠላሽ አይበቃሽም፤ ወፍራም ሻል ያዢ። እናንተ ኮምቦልቻዎች ደሴ በመጣችሁ ቁጥር ስለ ብርዱ ታማርራላችሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ለብሳችሁ ስትመጡ አላየሁም። ደሴ ላይ መኪና ትለውጫለሽ። ወደ ሰሜን ስትሄጂ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበትን ቦሩ ሜዳን ታልፊያለሽ፤ ከደሴ ሐይቅ ከተማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ አቅማቸው ከፈቀደ፣ እትዬን ይዘሽ እስከ ውሃው ዳር ውረጂ። ሐይቁ ከዳር ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው ገባ ባለው መሬት ላይ ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ ከዳር ሆነሽ ተሳለሚ። ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ አገሬው የሚያወራውን፣ የተበደለች ነፍሰ ጡር ወደ ፈጣሪ ብትጮህ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሲቀር ዙሪያው በሙሉ ውሃ ሆነ የሚባለውን፣ እሳቸው ከእኔ አሳምረው ይነግሩሻል። ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ ብሉ። ሙሉውን፣ ከነራሱ፣ ቆዳው እስኪንጣጣ የተጠበሰውን እዘዢ፤ በእጅሽ እየፈለቀቅሽ፣ አዋዜ እያስነካሽ ብዪ። ፎቶ ማንሳት ከፈለግሽ አንሺ፤ ለማንም ግን አትላኪ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ተነሺና ተመለሺ። እደሩ ብለው ይለምኑሻል፤ ለዚህኛው አትደሪ። የመጀመሪያው ጉዞ ማታ በራስሽ አልጋ ላይ የሚያልቅ መሆን አለበት።

የዚያን ቀን ጠዋት ፍላጎቱ ባይኖርስ? አይኖርም። አትጠብቂው። የሥነ ልቦና ሐኪሞች በድብርት የተያዘን ሰው ሲረዱ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠሩበት አንድ መንገድ አለ፦ ሰውየው ስሜቱ እስኪስተካከል ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ትንሽ ነገር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ ያንን ሲያደርግ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። መናኸሪያም እንዲሁ ነው። ፊቱን አጨፍግጎ የተሳፈረው ሰው ውጫሌ ላይ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር እየሳቀ ነው ይሉኝ ነበር ሾፌሮቹ።

ነገር ግን አንድ ነገር እውነቱን ንገሪኝ። የሰለቸሽ ጉዞ ብቻ ነው? እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ፣ ሰው ማነጋገር፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ይህ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ጭልም ብሎብሽ ከሆነ ነገሩ ከእኔ ዓምድ በላይ ነው። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሐዘንም ጦርነትም ያለፈበት ሰው ይህ ቢደርስበት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሕክምናም አለው።

ስለ መንገዱ ሰላምም ልናገር። በእኛ አካባቢ «ዛሬ መንገድ አለ ወይ?» ሳይሉ መነሳት ከቀረ ቆይቷል። ይህን ስልክሽን አትጠይቂው፤ በዚያው ጠዋት ከዚያ አቅጣጫ የገባ ሾፌር ጠይቂ። «ይቅር» ካለሽ ይቅር። ሐይቅ ላሉት እትዬ ደውለሽ ሌላ ቀን ቁረጪ። እንዲህ ያለውን መቅረት ከስንፍና መዝገብሽ ላይ አትጻፊው።

ኮምቦልቻ ያለችውን ጓደኛሽን ለሐይቁ አትውሰጃት። ይህን ስል ክፉ እንዳልመስልሽ፤ ሁለት የደከማቸው ሰዎች አብረው ሲያቅዱ አንዱ ለሌላው ሲያዝን ቀኑ ያልፋል። አንቺ ሄደሽ ከተመለስሽ በኋላ የዓሣውን ነገር ንገሪያትና ለሁለተኛው ያዣት። ሁለተኛው ባቲ ይሁን፤ ከእናንተ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰኞን ምረጡ፤ ገበያው ሰኞ ነውና። ፈቃድ አለኝ ብለሻል አይደል? ይኸው የፈቃድሽ ጥቅም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ሜዳ ላይ ሲገበያይ፣ የግመሉ ተራ ከከብቱ ተራ ለብቻው ተለይቶ ታገኙታላችሁ። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ በጊዜ ግቡ። ገበያም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድም፤ የምትገዙትን ነገር አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ተማከሩ። ዋጋ መከራከር የረሳ ሰው ምላሱ የሚፈታው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል በእነዚህ አገሮች ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ዘፈኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ እያንጎራጎሩ አገሩን ያላዩ ሰዎች መኖራቸው ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ግሸን ለመስከረም 21 ይቆይ። ያን አቀበት፣ ያን ሕዝብ፣ ያን ሌሊት ከቤት ካልወጡበት ዓመታት ቀጥሎ የመጀመሪያ ማድረግ አያስፈልግም። እስከዚያ ግን ወልዲያ ላለችው ጓደኛሽ ደውይ፤ ሐይቅን አልፎ የሚሄደው ያው መንገድ ነው ወልዲያ የሚያደርሰው። አዲስ አበባ ያለችውም በዓል ካላት ትመጣለች። የሴቶች ጉዞ የሚፈርሰው መንገድ ጠፍቶ ሳይሆን ቀድማ የምትደውል ጠፍታ ነው።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እኔ ደሴ ሸዋ በር ነዋሪ ነኝ፤ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ «አባባ፣ ናልን» እያሉ ይወተውቱኛል። በፊት መኪና ምንም አያደርገኝም ነበር። ብዙ ዓመት ሳልጓዝ ቆይቼ ባለፈው ለሠርግ ኮምቦልቻ ብወርድ ሐረጎ ላይ አስመለሰኝ፤ በሰው ፊት አፈርሁ። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡም ጠፍቶብኛል።

መ. ከደሴ

መልስ፦

ጋሼ መ.፣ የእርስዎ ፍላጎት አልጠፋም፤ ሐረጎ ነው ያስፈራራዎት። የመኪና መንገድ የሚያቅለሸልሸው ዓይንና የጆሮ ውስጠኛ ክፍል ስለ እንቅስቃሴው የተለያየ ነገር ለአንጎል ሲነግሩት ነው። ሳይጓዙ ሲቆዩ ሰውነት ልማዱን ይረሳል፤ ደጋግሞ ሲያገኘው ደግሞ ይለምደዋል። ስለዚህ አዲስ አበባን ለጊዜው ይተዉት፤ በሳምንት አንድ ቀን ኮምቦልቻ ወርደው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። ሐረጎን ከለመዱት የቀረው መንገድ ላይ የተርማበር አቀበት ብቻ ነው የሚያሳስብዎ።

ትኬት ሲቆርጡ «ፊት ወንበር» ይበሉ፤ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ያለውን ቦታ በነጻ ቢሰጡዎም አይቀበሉ። እኔ መስኮት ላይ በነበርሁ ጊዜ የሚያስመልሳቸውን ሰዎች ከሾፌሩ ጀርባ ባሉት ወንበሮች ላይ ነበር የምመዘግባቸው፤ ጠይቀው እንጂ ሳይጠይቁ የሚሰጥዎ የለም። ወደ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ራቅ አድርገው መንገዱን ይመልከቱ። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። ባዶ ሆድ አይነሱ፤ ቅባት የበዛበትም አይብሉ፤ ዳቦና ሻይ ይበቃል። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ያድርጉት፤ «ብርድ ገባን» የሚል ሰው አይጠፋምና ምክንያትዎን አስቀድመው ይንገሩት፤ ወዲያው ዝም ይላል።

የማስታወክ መከላከያ ኪኒን አለ። የሚወሰደው ካቅለሸለሸዎ በኋላ አይደለም፤ ከመነሳትዎ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። እንቅልፍ ያመጣልና አውቀውት ይሳፈሩ። የዓይን ግፊት ካለብዎ ወይም ሽንት የሚያስቸግርዎ ከሆነ ግን አንዳንዱ ኪኒን ያባብሰዋል፤ ፋርማሲ ገብተው ይህን ሳይነግሩ አይግዙ። ፌስታል ደግሞ ከረዳቱ አስቀድመው ይቀበሉና ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡ። ረዳቶቹ በየቀኑ ነው የሚያድሉት።